አንድ ገበያ፣ ሦስት ዕቅድ

ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ የሚሻገር ሾፌር ከሁሉ በፊት መስመር ይቀይራል። በእኛ በኩል ቀኙን ይዞ የመጣው መኪና ኬላውን አልፎ ሲወጣ ግራውን ይይዛል፤ ከናይሮቢ የመጣው ደግሞ ግራውን ትቶ ወደ ቀኝ ይገባል። እግረኛው ግን የሚቀይረው ነገር የለም። ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲም በማዳበሪያ ከረጢት ያዘሉ ሴቶች፣ ጀሪካን የጫኑ የአህያ ጋሪዎች፣ ደብተራቸውን በብብታቸው የያዙ ተማሪዎች፣ ብርና ሽልንግ በእጃቸው የሚያገላብጡ መንዛሪዎች በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ። ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ቡርጂኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማሉ፤ ከእነዚህ ሦስቱን አራቱን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ብርቅ አይደለም። ሰዓት ቢጠያየቁ እንኳ ይግባባሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ ኢትዮጵያዊው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለሁለቱም ሁለት ሰዓት ነው።

ኑሮው እንዲህ አንድ ሆኖ ሳለ አስተዳደሩ ሦስት ነው። በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ናት። በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ደግሞ ራሷ ለሁለት ተከፍላ ከፊሏ በኦሮሚያ፣ ከፊሏ በሶማሌ ክልል ትተዳደራለች። ሦስቱም በየፊናቸው በጀት ይይዛሉ፣ መንገድ ይቀይሳሉ፣ የገበያ ቦታ ይመርጣሉ። ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ ሞያሌ ምን ትመስላለች የሚለውን ጥያቄ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን ሊመልሱት አይችሉም። በዚህ ዘገባ ይበልጥ የማተኩረው በኬንያው በኩል ነው። እዚያ ሕጉ ዕቅድን የግድ አድርጎታል፤ ስለዚህም ዕቅድ ምን ያህል ሊያስኬድ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚቆም ከዚያ በደንብ ይታያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድንበሩ በ1907 በአፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተደረገ ስምምነት የተበጀ ነው። መስመሩ የቦረናን ምድር ለሁለት ከፈለው፤ ግጦሹ በአንድ ወገን፣ የውሃ ጉድጓዱ በሌላው ወገን ቀረ። እንግሊዞች ከመስመሩ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ቆላ የሰሜን ጠረፍ አውራጃ ብለው ከቀሪዋ ኬንያ ለይተው ያዙት፤ ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም የማይቻልበት ዝግ አካባቢ አደረጉት። ለእነርሱ ቦታው ከሰሜን በኩል ሊመጣ የሚችለውን የሚመክት አጥር ነበር። ትምህርት ቤት፣ መንገድና ሆስፒታል ወደ ደጋው፣ ነጮቹ ሰፋሪዎች ወዳሉበት ሄደ።

ነፃነት ከመጣ በኋላ ይህ አመለካከት ይለወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሹን በጽሑፍ ጸደቀ። በ1965 የኬንያ መንግሥት ያወጣውና የሀገሪቱን የኢኮኖሚ አቅጣጫ የወሰነው ቁጥር 10 የተባለው የፓርላማ ሰነድ፣ የልማት ገንዘብ ለም መሬትና በቂ ዝናብ፣ መንገድና ኤሌክትሪክ ወዳለበት ቢሄድ የተሻለ ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬውም ኋላ ላይ ለቀረው አካባቢ ይዳረሳል የሚል ነበር። ለሞያሌ ያ ፍሬ አልደረሳትም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሰሜኑ ሰው ናይሮቢ ለመሄድ ሲነሳ “ኬንያ ልሄድ ነው” ይል ነበር። የሚኖርበት ምድር ኬንያ ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚለው ሌላ አገር የሚሄድ ያህል ይሰማው ስለነበር ነው።

ሞያሌን ከናይሮቢ ያገናኘውን የአስፋልት መንገድ ነገር ያለዚህ ታሪክ መረዳት አይቻልም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎዳና ለአሥርት ዓመታት ኮረኮንችና አሸዋ ነበር። አውቶቡስ አይደፍረውም። መንገደኛው የሚሳፈረው በከብት መኪና ነበር፤ ከብቱ ከታች ይቆማል፣ ሰው ከላይ በብረቱ ላይ ይቀመጣል። እናት ልጇን በነጠላ ከብረቱ ጋር አስራ፣ አቧራውን በሻርፕ እየተከላከለች፣ በሽፍታ ፍርሃት በፖሊስ ታጅባ ሁለት ሦስት ቀን ትጓዝ ነበር። በዝናብ ወቅት የጨለቢ በረሃ አካባቢና የቱርቢ ሜዳ ሲጨቀይ ጉዞው ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የታመመ ሰው ናይሮቢ ድረስ መላክ ማለት ምን ማለት እንደነበር አንባቢ ራሱ ያስበው።

መንገዱ የተሠራው በአራት ቁራጭ ነው፦ ከኢሲዮሎ ሜሪሌ፣ ከሜሪሌ ማርሳቢት፣ ከማርሳቢት ቱርቢ፣ ከቱርቢ ሞያሌ። አብዛኛውን ገንዘብ ያበደረው የአፍሪካ ልማት ባንክ ሲሆን የአውሮፓ ኅብረትም አንዱን ቁራጭ ይዟል። ሥራው በ2017 ገደማ ተጠናቆ ሞያሌ ከናይሮቢ ጋር ያለማቋረጥ በአስፋልት ተገናኘች። ዛሬ ማታ ናይሮቢ የተሳፈረ ሰው በማግስቱ ሞያሌ ነው። በሕይወቴ ካየኋቸው የመንግሥት ሥራዎች ሁሉ የሰውን ኑሮ በአንዴ የለወጠ ምሳሌ ጥቀስ ብባል ይህን መንገድ እጠቅሳለሁ።

ይሁን እንጂ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ዕቃ ያመጣል፣ ሀብትም ይወስዳል። አስፋልቱ ሞያሌን ለናይሮቢ ሲያቀርብ፣ ሞያሌ ላይ ሳይወርድና ሳይራገፍ በቀጥታ የሚያልፈው ጭነትም በዚያው ልክ ይበዛል። በ2012 ላሙ ወደብ ላይ ምዋይ ኪባኪ፣ ሳልቫ ኪርና መለስ ዜናዊ የመሠረት ድንጋይ ያኖሩለት ላፕሴት የተባለው ግዙፍ ፕሮጀክት ሞያሌን ያያት እንዲሁ እንደ መተላለፊያ ነው። በካርታው ላይ የላሙ ወደብ፣ የባቡር ሐዲድ፣ አውራ ጎዳናና የነዳጅ ቧንቧ ነበሩ። ወደቡ በግንቦት 2021 የመጀመሪያውን መርከብ ተቀብሏል። ባቡሩ ግን ሞያሌ አልደረሰም። ሐዲዱ ያልፍበታል በተባለ ቦታ መሬት የገዙ ሰዎች አሉ፤ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ከላይ ብቻ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያነቃው የመሬት ደላላውን ነው።

ከታች የሚነሳው ዕቅድ የመጣው በ2010 ሕገ መንግሥት ነው። ኬንያ ሥልጣንን ለ47 ካውንቲዎች አከፋፈለች። ከ2013 ምርጫ ጀምሮ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን ጋቨርነርና ምክር ቤት ይመርጣል፤ ከብሔራዊው ገቢም ካውንቲዎች በጋራ ከ15 በመቶ የማያንስ ድርሻ እንዲያገኙ በሕገ መንግሥቱ ተደንግጓል። ከዚህ በተጨማሪ ለተረሱት አካባቢዎች ውሃ፣ መንገድ፣ ጤናና መብራት ማድረሻ የሚሆን የማመጣጠኛ ፈንድ ተቋቋመ። ማርሳቢት ከነዚህ አካባቢዎች አንዱ ነው። ካውንቲው 71,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የኬንያን አንድ ስምንተኛ የሚያህል ምድር ይዟል፤ በ2019 ቆጠራ የተመዘገበው ሕዝብ 459,785 ነበር። የካውንቲው መቀመጫ ማርሳቢት ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የ2012 የካውንቲ መንግሥታት ሕግ ለዕቅድ የሰጠው ጉልበት ያስደንቃል። በዕቅድ ማዕቀፍ ውስጥ ያልገባ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ አንድ ሽልንግ እንዳይመደብለት ይከለክላል። ካውንቲው የአምስት ዓመት የተቀናጀ የልማት ዕቅድ ማውጣት አለበት፤ የመጀመሪያው ከ2013 እስከ 2017፣ ሁለተኛው ከ2018 እስከ 2022 ነበር፤ ሦስተኛው ከ2023 እስከ 2027 የሚዘልቀው ነው። የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ አሥር ዓመት ያያል። ከአምስት ዓመቱ ተመንዝሮ የሚወጣው ዓመታዊ የልማት ዕቅድ ሴፕቴምበር 1፣ በእኛ ነሐሴ 26፣ ለካውንቲው ምክር ቤት ይቀርባል። ከበጀቱ ቢያንስ 30 በመቶው ለካፒታል ሥራ እንዲውል የፋይናንስ ሕጉ ያዛል። በየደረጃው ሕዝብ መሰማት አለበት፤ ሕዝብ ያልተሰማበትን የካውንቲ የገንዘብ ሕግ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል፣ ሽሮም ያውቃል።

ሕዝብ መስማት ማለት በተግባር ይህን ይመስላል። የሞያሌ ምርጫ ክልል ሰባት ቀጠናዎች አሉት፤ ከከተማው ቀጠና፣ ከቡቲዬና ከሄሉ ማኛታ ጀምሮ እስከ ሶሎሎ፣ ኦቡ፣ ኡራንና ጎልቦ። ከእነዚህ በአንዱ፣ አዳራሽ ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል። ባለሙያው ባለ ብዙ ገጽ ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል፤ ሰንጠረዡ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በስዋሂሊና በቦረንኛ ነው። ሽማግሌዎች ፊት ለፊት፣ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወጣቶች ከኋላ ቆመው ያዳምጣሉ። ሞያሌ ውስጥ እንዲህ ባለ ስብሰባ ውሃ ሳይነሳ የሚቀር አይመስለኝም። ከተማዋ ወንዝ የላትም። በበጋ ቤተሰብ ውሃ የሚገዛው ከቦቴና ከአህያ ጋሪ በጀሪካን ሒሳብ ነው፤ ድሀው ለአንድ ሊትር የሚከፍለው ቧንቧ ካለው የናይሮቢ ሀብታም ይበልጣል። የከተማን የረጅም ጊዜ ኢኮኖሚ ማቀድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፋብሪካና ኢንዱስትሪ መንደር ነው። ሞያሌ ላይ ግን ውሃ ያልተመለሰለት ዕቅድ ቆዳ ሊያለፋ፣ ሥጋ ሊያቀዘቅዝ፣ ሆቴል ሊያስተዳድር አይችልም፤ የሴቶችንም ግማሽ ቀን ከጀሪካን ወረፋ አያወጣም። ከሁሉ በፊት መምጣት ያለበት እሱ ነው።

የዚህ ሁሉ ሕግ ትልቁ ክፍተት ያለው የሥልጣን ክፍፍሉ ላይ ነው። ካውንቲው የእንስሳት ገበያ፣ ቄራ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የውስጥ መንገድ፣ ውሃና ጤና ተሰጥቶታል። ጉምሩክ፣ ኢሚግሬሽን፣ ጸጥታ፣ አውራ ጎዳናና የውጭ ንግድ ግን የናይሮቢ ናቸው። ሞያሌ የምትኖረው በድንበሩ ነው፤ ድንበሩን በሚመለከት ግን የካውንቲዋ ዕቅድ አውጪ አንድ መስመር እንኳ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። በኢትዮጵያ በኩልም ነገሩ ያው ነው፤ ጉምሩኩ የፌዴራል ነው፣ የከተማ አስተዳደሩ ድርሻ ማዶውን መመልከት ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን የሚያቅዱት የራሳቸው ባልሆነ ነገር ዙሪያ ነው።

ይህን በቁም እንስሳው ገበያ ማየት ይቻላል። የሞያሌ ሀብት እንስሳት ናቸው፤ ከቦረና፣ ከጋብራ፣ ከገሪ፣ ከሌሎችም አርብቶ አደሮች የሚመጡ። ለረጅም ጊዜ የተለመደው አካሄድ የዳልጋ ከብቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ግመሉ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢትዮጵያዋ ሞያሌና ወደ አዳማ ሄዶ ከዚያ ወደ አረብ አገር መሸጡ ነው። ፍየሉ ናይሮቢ ደርሶ ኪያማይኮ በሚባለው የእርድ ሰፈር ይታረዳል። ሞያሌ ከዚህ ሁሉ የምታገኘው የደላላ ኮሚሽን፣ የጫኝ አውራጅ ደመወዝ፣ የሾፌር ሻይና ምሳ፣ ካውንቲው የሚሰበስበው የገበያ ቀረጥ ነው። ሥጋው፣ ቆዳው፣ ቀንዱ፣ ሰኮናው፣ ጮማው፣ የአራጁና የማቀዝቀዣ ባለሙያው ሥራ ሌላ ከተማ ነው። እንስሳው በሕይወቱ ስለሚሄድ በመንገድ ከስቶ ይደርሳል፤ የከሳውን ኪሎ የሚከፍለው አርብቶ አደሩ ነው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ ቄራ መገንባት። የማርሳቢት ጎረቤት ኢሲዮሎ ለውጭ ገበያ የሚሆን ትልቅ ቄራ ጀምራ ሳይጠናቀቅ ለዓመታት ቆይቷል። ሕንጻ የዕቅዱ ትንሹ ክፍል ነው። ቄራ የሚሠራው ውሃ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የእንስሳት ሐኪም ማኅተም፣ ገዢው የሚያምነው የበሽታ ቁጥጥር፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመጣ እንስሳ ሲኖረው ነው። እንስሳው ደግሞ ድንበር አያውቅም። በኬንያ ወገን የተከተበ ከብት በኢትዮጵያ ወገን ካልተከተበው ጋር በአንድ ኩሬ ከጠጣ ክትባቱ ለገዢው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሞያሌ ቄራ ጉዳይ መጀመር ያለበት ከሲሚንቶ በፊት በሁለቱ አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች የጋራ የክትባት ሰሌዳ ነው።

የመብራቱ ነገር ከዚህም ይገርማል። በማርሳቢት ካውንቲ፣ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ ዳርቻ 365 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። 310 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ በ2019 ሲመረቁ በአፍሪካ ከሚጠቀሱት ሁሉ ትልቁ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነበሩ። ኃይሉ በከፍተኛ መስመር ወደ ሱስዋ፣ ወደ ናይሮቢ ይሄዳል። የኬንያዋ ሞያሌ አምፖል ግን ለረጅም ዓመታት የበራው ከኢትዮጵያ በሚገዛ ኤሌክትሪክ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ በሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መስመር ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች። ካውንቲው ኃይል እያመነጨ ከተማው ከጎረቤት ይገዛል። እኔ ይህን እንደ ውርደት አላየውም፤ ለሞያሌ ከናይሮቢ ይልቅ ያቤሎ ትቀርባለችና ትክክለኛው ምንጭ ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ይህ ግንኙነት የከተማዋ የኢኮኖሚ ዕቅድ መሠረት አለመሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ኃይል አስተማማኝ ሆኖ ለአንድ የቅዝቃዜ መጋዘን፣ ለወተት ማቀነባበሪያ፣ ለወፍጮና ለብየዳ ቤቶች ቢመደብ፣ ሥራ ፈት ለሆነው ወጣት ከየትኛውም የሐዲድ ካርታ በፊት ይደርስለት ነበር።

ወጣቱን ካነሳን ሞያሌ ስታየው የምታዝንበት ሌላ ንግድ አለ። ከሐዲያና ከከምባታ፣ ከደቡቡ ሌላም ቦታ ተነስተው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ የሚሹ ልጆች በዚህ በር ያልፋሉ። ደላላ አለ፣ መደበቂያ ቤት አለ፣ የጭነት መኪና ሸራ ሥር አለ። ከቤት በሬና መሬት ተሽጦ የመጣ ገንዘብ እዚህ ይረግፋል። በከተማዋ የሚሽከረከረው ገንዘብ ሁሉ ልማት እንዳልሆነ የሚያስታውስ ነገር ነው። በኬንያው በኩል፣ በዳበል አካባቢ፣ ሂሎ የተባለው የባሕላዊ ወርቅ ማዕድንም ሕይወት ቀጥፏል፤ በ2024 ዋሻው ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ።

ስለ ሰላም ሳይጻፍ ስለ ሞያሌ ዕቅድ መጻፍ አይቻልም። የካውንቲ ሥርዓት ሲመጣ ሥልጣንና ገንዘብ ከናይሮቢ ወደ ቅርብ መጣ፤ ያን ጊዜ “ማን ይይዘዋል?” የሚለው ጥያቄም አብሮ መጣ። በ2013 ምርጫ ሬንዲሌ፣ ጋብራና ቡርጂ ተባብረው የካውንቲውን ሥልጣን ያዙ፤ ብዙ ቁጥር ያለው ቦረና ተገፋሁ አለ። ከዚያ በፊት በ2012 መጀመሪያ፣ ኋላም በ2013 መጨረሻ ሞያሌ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሱቆች ተቃጠሉ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በመጋቢት 2018 ደግሞ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ ወደ 10,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ሸሹ። አንዱ የሌላው መጠለያ ነው። ማዶ ቤት ሲቃጠል እዚህ ክሊኒኩ ይጨናነቃል፣ ውሃው ያልቃል፣ ዕቅዱም ይፈርሳል፤ የካውንቲው የአምስት ዓመት ሰነድ ስለ ጎረቤቱ ሰላም የበጀት መስመር የለውም።

ከእነዚህ ግጭቶች በፊት የተደረገው ትልቅ እርቅም የመጣው ከጽሕፈት ቤት አልነበረም። የጋብራና የቦረና ሽማግሌዎች በ2009 ማይኮናና ዋልዳ ላይ ተቀምጠው ለተገደለ ሰው፣ ለተሰረቀ ከብት፣ ጠብ ለሚጭር ሰው ምን ያህል ካሳና ቅጣት እንደሚከፈል በጽሑፍ አሰፈሩ። ስምምነቱ በሁለቱም አገር ያሉ ቤተሰቦችን ያስተሳስራል። ኢኮኖሚስቶች ይህን የልማት ዕቅድ አይሉት ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አካባቢ ከተጻፉት የረጅም ጊዜ ሰነዶች ሁሉ ለንግድ የበለጠ የሠራው እሱ ይመስለኛል፤ ነጋዴ ሱቁን የሚከፍተው ነገ እንደማይቃጠል ሲያምን ነውና።

አሁን ወደ ኬላው እንመለስ። ዲሴምበር 9 ቀን 2020፣ በእኛ ኅዳር 30፣ ኡሁሩ ኬንያታና ዐቢይ አሕመድ የሞያሌን የጋራ ድንበር ኬላ መርቀው ከፈቱ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከኬንያ የሚወጣ ሰውም ሆነ ጭነት ኬንያ ላይ ቆሞ ሰነድ ካስመረመረ በኋላ ኢትዮጵያ ላይ እንደገና በመቆም ፈንታ፣ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በሚገባበት አገር ሕንጻ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ጊዜ ያስተናግዱታል። ቀደም ሲል ለከባድ መኪና ቀናት የሚፈጀው ሥራ ወደ ሰዓታት እንዲወርድ የታሰበ ነው። ለትልቁ ነጋዴ ይህ በእርግጥም ለውጥ ነው።

ግን ኬላውን በእግሯ የምታልፈው ሴት አንድ ከረጢት ቦሎቄ ወይም አንድ ካርቶን ሳሙና ብቻ ነው ያላት። በኬንያና በኡጋንዳ መካከል ቡሲያ ላይ ያለች እኩያዋ ለአነስተኛ ነጋዴ በተዘጋጀ ቀላል ሰነድ፣ በተለጠፈ የዕቃ ዝርዝር፣ ያለ ጉምሩክ አስተላላፊ ታልፋለች። ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል ብትሆንም ነፃ የንግድ ቀጣናውን ሳትቀላቀል ስለቆየች ያ ዓይነቱ ሰነድ ለረጅም ጊዜ ለሞያሌዋ ሴት አልተዘረጋላትም። የጠረፍ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው የተወሰነ ዕቃ በተወሰነ ዋጋ ያሳልፋል፤ ከዚያ የዘለለው ኮንትሮባንድ ይባላል። ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም። ስለዚህ በጓሮ ይሻገራሉ፤ በጓሮ የሚሻገር ደግሞ ባንክ አይበደር፣ መጋዘን አይከራይ፣ ዕቃው ሲወረስ አይከራከር። በሁለቱም ሞያሌ ያለውን ቤተሰብ የሚያበላው ይህ ንግድ በማንም ዕቅድ ውስጥ በቁጥር የለም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ አይታቀድለትም፤ የገበያ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሕፃናት ማቆያ የሚመደበው ለሚታወቅ ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ድንበሩን በትክክል የዘለለ አንድ ሥራ አለ፣ እሱም ከሰማይ የመጣ ነው። በጥር 2010 ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የቁም እንስሳት ምርምር ተቋም በማርሳቢት ለአርብቶ አደር የድርቅ መድን ጀመረ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሞተውን ላም እየዞሩ መቁጠር አይቻልም፤ ነገር ግን ሳተላይት የሣሩን ልምላሜ በየጊዜው ይለካል። ልምላሜው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ፣ አንድም ላም ገና ሳትሞት፣ ለገዛው ሁሉ ይከፈላል። አርብቶ አደሩ በገንዘቡ መኖና መድኃኒት ይገዛል። በ2012 ያው ሐሳብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያው ቦረና ገባ። ሳተላይቱ መስመሩን አያይም፤ የሚያየው አንድ ሣር ነው። ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ ክፍያው ዘገየ፣ ሳተላይቱ ያየውና መሬት ላይ ያለው አልገጠመም የሚል ቅሬታ ብዙ ነው። ከ2020 እስከ 2023 አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በኬንያ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል፤ ያን የሚሸከም መድን የለም። መነሻው ግን ትክክል ነው፤ አንድ ሥነ ምሕዳርን እንደ አንድ አይቶታል።

መሪዎቹም ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። በዲሴምበር 2015 ኡሁሩ ኬንያታና ኃይለማርያም ደሳለኝ ሞያሌ ላይ ተገናኝተው ማርሳቢትንና የቦረና ዞንን አንድ ላይ የሚያይ የ200 ሚሊዮን ዶላር የድንበር ተሻጋሪ መርሐ ግብር ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ከኢጋድ ጋር ይፋ አድርገዋል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2014 ባጸደቀው የኒያሜ ስምምነት የድንበር ከተሞች በቀጥታ እንዲተባበሩ በር ከፍቷል። ሩቅ ብንሄድ ስዊድንና ፊንላንድ ድንበር ላይ ያሉት ሃፓራንዳና ቶርኒዮ ከ1987 ጀምሮ የጋራ ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ ቆሻሻ ውሃቸውን በአንድ ጣቢያ ያጣራሉ፣ ልጆቻቸውም በአንድ ትምህርት ቤት ሊማሩ ይችላሉ። እነርሱን ያገናኛቸው የሁለቱ ከተማ ምክር ቤቶች የየራሳቸውን ዓመታዊ በጀት ይዘው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ነው። ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ሚኒስትር የፈረሙት ወደ ከተማ የበጀት ሰንጠረዥ ካልወረደ የፎቶግራፍ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ለሞያሌ ይህን ማድረግ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። የኬንያ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ በእኛ ሰኔ 24 ማለት ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በመካከላቸው ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሦስቱ አስተዳደሮች በየዓመቱ ለበጀት የሚዘጋጁት በአንድ ወቅት ነው፤ በከተማዋ ያሉት ባለሙያዎቻቸው ከግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ በማይበልጥ ርቀት ላይ አሉ፤ አብዛኞቹም የሚግባቡበት ቋንቋ አላቸው። የማርሳቢት የአሁኑ የአምስት ዓመት ዕቅድ በ2027 ያበቃል። ቀጣዩን ለማዘጋጀት መረጃ የሚሰበሰበው፣ ቀጠናዎች የሚጠየቁት ከዚያ በፊት ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያዋን ሞያሌ በኦሮሚያም በሶማሌም በኩል የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ያንን ጊዜ አትለፉት። ማርሳቢት ሰነዱን ሲያዘጋጅ ሦስት ነገር ይዛችሁ ቅረቡ፦ የጋራ የክትባት ሰሌዳ፣ የውሃና የመብራት የጋራ ሒሳብ፣ ለአነስተኛ ነጋዴዋ ሴት የሚሆን ቀላል የማለፊያ ሰነድ። የመጨረሻው የአዲስ አበባንና የናይሮቢን ፊርማ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከእናንተው ቢሮ ሊጀመሩ ይችላሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ኦሮሚያና ሶማሌ በእኛው ሞያሌ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ለራሳችን አንድ ዕቅድ ሳይኖረን ማዶውን አብረን እናቅድ ብንል የሚሰማን የለም።